በግንቡ ምሰሶ ላይ የጻፍኩት ቁጥር

እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከዚህ ቀጥሎ የሰፈረው «ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ነፋስ የለም፤ ብርሃኑ ከቀኝ» የሚል ነው። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው።

የምኖረው ጉለሌ ነው። በእረፍት ቀኖቼ ማለዳ ካሜራዬንና መቆሚያውን ይዤ ከአዲሱ ገበያ እነሳና በቀጨኔ መንደሮች በኩል ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ፎቶ ማንሳት ሙያዬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ የምሠራውም የመድኃኒት ናሙና በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ወደ ፎቶው ያመጣሁት ልማድ ግን ከዚያው የተወሰደ ነው። አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ለእኔ እንዳላዩት ይቆጠራል። ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ዐሥራ ዘጠኝ ቦታዎች መረጥኩ፦ የመንገድ ማዕዘኖች፣ የድንጋይ ደረጃዎች፣ የመኳንንት የነበሩ አሮጌ ግንቦች፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው፣ ኖራ የተቀባው አሮጌ ቤተ መንግሥት። እያንዳንዱን በየሦስት ወሩ ገደማ፣ ከቆምኩበት ሳልዛነፍ አነሳዋለሁ። ፎቶዎቹ በቅደም ተከተል ሲታዩ ከተማው ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ለማንም አሳይቻቸው አላውቅም ነበር።

የምቆምበትን ቦታ ለይቼ የማውቀው በዙሪያው ባሉ ነገሮች ነበር፤ በባሕር ዛፍ፣ በመብራት ምሰሶ፣ በአንድ ሱቅ ጥግ። ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠፉ። መንገድ ሲሰፋ ምሰሶው ተነቀለ፣ ዛፉ ተቆረጠ፣ ሱቁ ወደ ኋላ ተገፋ። ክረምቱ ሲያበቃ ወጥቼ ከዐሥራ ዘጠኙ ቦታዎች ሰባቱን በትክክል ማግኘት አቃተኝ። በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ታዲያ ነጭ ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። መቆሚያዬን በምተክልበት አጠገብ ባለ ግድግዳ ወይም የበር ምሰሶ ላይ ክብ ሠርቼ በውስጡ ቁጥር ጻፍኩ። ጠመኔ በመሆኑ ማንንም አይጎዳም ብዬ አሰብኩ።

በእነዚህ ዓመታት ሰው ግድግዳው ላይ የሚጻፍን ነገር እንዴት እንደሚያየው አላሰብኩበትም። አንድ ቤት ሊፈርስ ሲል መጀመሪያ የሚመጣው ዶዘር አይደለም። በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መጥተው ከመንገድ ማዶ ቆመው ያዩታል። ይለካሉ፤ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ምልክት ያደርጋሉ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ቆሜ አየሁ፤ ርቀቱን በሜትር ለካሁ፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ምልክት አደረግኩ።

ቁጥር ዐሥራ አንድ ግንቡ ነው። የሰፈሩ ሰው ሌላ ስም ሳይጨምር «ግንቡ» ብቻ ይለዋል፤ እኔም ቦታውን ከዚህ በላይ አልገልጸውም። ምድሩ ከጥቁር ድንጋይ፣ ፎቁ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ፎቁን ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት ይዞረዋል። አንድ ሹም ለራሱ ያሠራው ነው ይባላል። እኔ ሳውቀው የቀበሌ ቤት ሆኖ ለሦስት ቤተሰብ ተከፋፍሎ ነበር፤ ሁለቱ ምድር፣ አንዱ ፎቅ። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌና የእኔ እኩያ የሆነች ልጃቸው ናቸው። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። የሽማግሌው ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ሆኖም በየማለዳው ማንም ሳይመራቸው ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሄደው ተሳልመው ይመለሳሉ። መንገዱን በእግርና በእጅ ያውቁታል፤ መጀመሪያ የድንጋዩ ደረጃዎች፣ ቀጥሎ የግቢው በር ምሰሶ፣ ከዚያ አጥሩ እስኪያልቅ ግራ እጅን በድንጋዩ ላይ አድርጎ መሄድ፣ ከዚያም የቦዩ ውኃ ድምፅ። ይህን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከሰገነቱ ሆነው የካሜራዬን ድምፅ ሲሰሙ «መጣሽ፣ ልጄ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «መጣሁ፣ አባባ» ብዬ አልፍ ነበር።

ልጃቸው ሁለት ጊዜ ከየት እንደምመጣና ለምን እንደምመላለስ ጠይቃኛለች። ሁለት ጊዜም «የሥራ ጉዳይ ነው» ብያታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንድን ግድግዳ እየተመላለስኩ የማነሳበትን ምክንያት በመንገድ ላይ ማስረዳት ከበደኝ። ያቺን አጭር መልስ ዛሬም ድረስ ራሴን እወቅስባታለሁ።

የዚያን እሑድ ጠዋት ወደ ግንቡ መታጠፊያ ስደርስ ጥጉ ላይ ያለው ባለሱቅ ገና መዝጊያውን እየከፈተ ነበር። ቀልደኛ ነው፤ ሲያየኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሳይወረውር አያሳልፈኝም።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«እኔን ብቻ እንዳታነሺኝ። በጥር ላገባ ነው፤ ሳልሞሸር እንዳታፈርሺኝ።»

ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ከሱቁ ወጥቶ ካሜራውን ካላየሁ ይል ነበር። ያን ቀን ግን ከመደርደሪያው ጀርባ አልወጣም፤ እኔ እስካልፍም ዓይኑን ከካሜራው ቦርሳ አላነሳም።

በዚያ ሳምንት ኅዳር ሲታጠን የነደደው ቆሻሻ ሽታ ከመንደሩ ገና አልለቀቀም ነበር። ከአዲሱ ገበያ በኩል ድንጋይ የሚሰብረው መኪና ድምፅ ይሰማል፤ እሑድም አላረፈም። ግንቡ ፊት ደርሼ መቆሚያዬን ከቦርሳው ሳወጣ አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ታወቀኝ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት ግን ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። በምድሩ ያሉት ሁለት በሮች የሉም። አልተከፈቱም፤ ከነመቃናቸው ተነቅለው ተወስደዋል። መስኮቶቹም እንደዚያው። በድንጋዩ ግድግዳ ላይ አራት ጥቁር ክፍተቶች ቀርተዋል። ውስጡ ባዶ ነው፤ በአንደኛው ክፍል ወለል ላይ የተቀደደ የግድግዳ ወረቀት ተከምሯል። ባለፈው ወር ስመጣ ግቢው ውስጥ ይጮኽብኝ የነበረው ውሻም የለም።

ልጃቸው ግቢው ውስጥ ፍራሽ በገመድ እያሰረች ነበር። ስታየኝ ገመዱን ትታ ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ መጣች። ከዚያ በፊት አንቺ ትለኝ የነበረች ሴት እርስዎ አለችኝ።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳ ሄጄ እፈርማለሁ» አለችኝ። «እባክዎ ለአለቆችዎ ይንገሩልን። አንከራከርም፣ አናስቸግርም። አባቴን እስካወጣ ድረስ ብቻ እንዳይመጡብን።»

ስለ ምን እንደምታወራ ስጠይቃት በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ እየፈተንኳት የመሰላት ይመስለኛል። ምሰሶው ላይ ቁጥር ከተጻፈ በኋላ የምድሩ ቤተሰቦች ሳያስወጧቸው ቀድመው መውጣቱን መርጠዋል። ሐሙስ ዕለት ቤቱን በፈቃዳቸው እንደለቀቁ ፈርመው፣ በርና መስኮታቸውን ነቅለው ሄደዋል። ቀድሞ የፈረመ ምትክ ቤት ይመርጣል የሚል ወሬ ሰምተው ነበር። ለእርሷና ለአባቷ የተነገራቸው ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። አንዴ ከተፈረመ መመለስ የለም።

«አባቴ ግን አላምን አለኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምልክት የለም ይላል። በየቀኑ እዳስሰዋለሁ፣ ምሰሶው ላይ ምንም የለም ይለኛል። እዚያ ከሄደ ከአልጋው አይወርድም። አውቀዋለሁ። ግን ቤቱ ላዩ ላይ ሲፈርስበትም ማየት አልችልም።»

ወደ ምሰሶው ተመለከትኩ። የክቡ የላይኛው ግማሽ በግልጽ ይታያል። የታችኛው ግማሽ በሰው እጅ ከፍታ ላይ ስለሆነ ደብዝዟል፤ በየማለዳው የሚያልፍበት እጅ አደብዝዞታል። ከቁጥሩ የቀሩት የሁለቱ አንዶች ጫፎች ናቸው። የእኔ አጻጻፍ ነው፤ ናሙና ላይ ስጽፍም አንድን በዚያው መንገድ አጥፌ እጽፋለሁ።

በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «እሺ» አልኳት፤ መቆሚያውን ወደ ቦርሳው መለስኩና ዳገቱን ወጣሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሐፍረት ብቻ አልነበረም። የተሳሳትኩበትን መጠን ሳላውቅ ስሕተቴን መናገር አልፈለግኩም፤ ይህም የሙያዬ በሽታ ነው።

መጠኑን ግን አወቅኩት። ቁጥር ዐሥራ ሁለትን ሰው በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎታል፤ ከጠመኔው ጋር ልስኑም ተነሥቶ ጭቃው ይታያል። ቁጥር ዐሥራ አራት አጠገብ ያለው ማድ ቤት ቆርቆሮው ወርዶ በግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከዚያ ከፍ ብሎ አረንጓዴ የብረት በር አለ፤ እኔ በሕይወቴ ከፊቱ ቆሜ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። በበሩ ላይ በነጭ ጠመኔ ክብ ተሠርቶ በውስጡ 23 ተጽፏል።

የእኔ ቁጥሮች ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ያበቃሉ። ክቡ አልገጠመም፤ አጻጻፉም የእኔ አይደለም። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ጎረቤቱን ሊያስፈራራ የፈለገ ሰው ይሁን፣ ወይም ከእኔ በኋላ በእውነት የሚቆጥር ሰው መጥቶ እንደሆነ ለይቼ ልናገር አልችልም። ከቁጥሩ ሥር የመድኃኔ ዓለም ሥዕል በፕላስተር ተለጥፏል። ከበሩ በስተጀርባ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ እኔ ስቆም ድምፁ ቆመ።

እንጦጦ አልደረስኩም። ከዚያው ተመለስኩ።

ግንቡ ስደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነበር። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሰገነቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ከጎናቸው የልብስ ስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ፈቃድ ጠይቄ ደረጃውን ወጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከውጭ ያየሁትን ሰገነት ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ምሰሶው ላይ ያለውን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አልላከኝም።»

ልጃቸው ብርድ ልብሱን እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ አንቺ ማነሽ?»

ፎቶ የማነሳ ሰው እንደሆንኩ ነገርኳት።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

«ለራሷ» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ሰማህ፣ አባዬ? ለራሷ ነው። ሌላው ሰው እሑድ ልብስ ያጥባል፣ ዘመድ ይጠይቃል፤ እሷ የሰው ቤት ትቆጥራለች።»

ሽማግሌው ግን ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «አላልኩሽም? ምሰሶው ላይ ምንም የለም አላልኩሽም? ዓይን ያለው ሁሉ በሩን ተሸክሞ ሄደ፤ የማያየው ቀረ።»

እርሷ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ተገቢም ነበር። የምድሩ ቤተሰቦች መመለስ እንደማይችሉ፣ በተነቀለው በር ማንም መግባት እንደሚችል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ቤት ራሱ ምልክት እንደሆነ ነገረችኝ። ከአሁን በኋላ ቤቱን ከመንገድ ያየ ሰው ሁሉ ሊፈርስ ነው ብሎ ያልፋል፤ አንድ ቀንም ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ያልፋል። ጠመኔውን ብጠርገውም ክፍተቶቹን መጥረግ አልችልም። መፈረሟን እንደተወች ግን አልነገረችኝም። ከአዲሱ ገበያ በኩል የሚሰማው ድምፅ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ሦስታችንም እስኪቀጥል ድረስ ጆሯችንን ወደዚያው አቀናን።

እኔ የማውቀው መፍትሔ ወረቀት ነው። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ መሆኔን የሚገልጽ፣ ግንቡም በእርግጥ ለመፍረስ የታሰበ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ፣ ለወረዳው የሚሰጥ ደብዳቤ ጽፌ እንደማመጣ ነገርኳት። ሰኞ እርሷ ከመውጣቷ በፊት፣ ሁለት ሰዓት ላይ እንድመጣ ተስማማች። ስወርድ ምሰሶውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ጠመኔው ከድንጋዩ ቀዳዳዎች ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሆነ። ከጻፍኳቸው ሁሉ በጥንቃቄ የጻፍኩት እርሱን ይመስለኛል። ግንቡ የሚገኝበትን ቦታ፣ ከዋናው መንገድ ያለውን ርቀት፣ የፊቱን አቅጣጫ፣ የተሠራበትን ነገር፣ የጣራውን ሁኔታ፣ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚኖርና ማን እንደለቀቀ አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩ። በሦስት ዓመት ያነሳኋቸውን ዐሥራ ሁለት ፎቶዎች አትሜ ከነቀናቸው አያያዝኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ልጃቸው ለመውጣት ለብሳ፣ ሰነዶቿን በፕላስቲክ ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ሁለተኛውን አንቀጽ እንድደግመው አደረጉኝ፤ ደገምኩት። እጃቸው በሰገነቱ እንጨት ላይ እየሄደ ይሰሙኝ ነበር።

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ ስጨርስ። «ቤቴን እንዲህ አጥርቼ ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነው።»

አመሰገንኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ዕውሩ በዚህ ወረቀት ቤቱን ካገኘሁት፣ ዓይን ያላቸውማ ሳይጠይቁ ይመጣሉ።»

ቤቱ በሚፈርሱት ዝርዝር ውስጥ ካለ ቢታወቅ እንደሚሻል፣ ከሌለም እንደሚረጋጉ ለማስረዳት ሞከርኩ። እርሳቸው በእምቢታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቤቱ ይጻፍ አይጻፍ አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም። እስከዚያ ቀን ድረስ የቆዩት ማንም ስላላስታወሳቸው ነው። የሚጠይቅ ሰው ያስታውሳል። ፎቶውም፣ ቁጥሩም፣ ደብዳቤውም ለእርሳቸው አንድ ነገር ናቸው።

ልጃቸው ለረጅም ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ባዶዎቹ ክፍሎች አየች። ከዚያ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ፎቶዎቹ ስንት ቦታ ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ኮምፒውተሬ ላይ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ፍላሽ ላይ፣ የታተሙት ደግሞ እጄ ላይ እንዳሉ ነገርኳት። ለምድሩ ቤተሰቦች ሄጄ እውነቱን እንድነግራቸው አድራሻቸውን ጠየቅኩ። እምቢ አለች። «እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺን አያምኑሽም፤ ካመኑሽ ደግሞ ይብሳል።»

በዚያ ጠዋት የተወሰነው ይህ ነው። አይፈረምም፤ አይጠየቅምም። የምድሩ ክፍተቶች በዚያው ሳምንት በአሮጌ ቆርቆሮ ይዘጋሉ። እኔ የቀሩትን የራሴን ቁጥሮች፣ ማን እንደሆንኩ በየበሩ እየተናገርኩ እጠርጋለሁ፤ በግንቡ ፊት ግን ካሜራ ይዤ ዳግመኛ አልቆምም። ደብዳቤው እዚያው ሰገነት ላይ ተቀደደ። ዐሥራ ሁለቱም ፎቶዎች፣ ከቅጂዎቻቸው ጋር፣ ልጃቸው በዓይኗ እያየች እንዲጠፉ ተስማማሁ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላም ከእርሷ ጋር ወደ ቤቴ ወረድን።